ደረጃውን የጠበቀ የሕፃናት ዕድገት ምዘና ምንድን ነው?

ገና አፉን በቅጡ ያልፈታ ልጅ «ይመዘናል» ሲባል ብዙ ወላጅ ግር ይለዋል። ይህ ምዘና ግን ማለፍና መውደቅ የለበትም። አንድ ሕፃን በእንቅስቃሴ፣ በንግግር፣ በማሰብ፣ ከሰው ጋር በመግባባትና ራሱን በመርዳት የት እንደደረሰ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር አስተያይቶ ያሳያል። የሚሠራውም እገዛ የሚያስፈልገው ልጅ ሳይረፍድበት እንዲያገኘው ነው።

ልየታና ምዘና ይለያያሉ። ልየታ አጭር ነው። ወላጅ መጠይቅ ይሞላል ወይም ባለሙያ ጥቂት ነገሮችን ያያል። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የዴንቨር ልየታ ከዚህ ወገን ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምንም ምልክት ያልታየበት ልጅ እንኳ በ9፣ በ18 እና በ30 ወሩ እንዲታይ ይመክራል። በልየታው ጥያቄ ያስነሳ ልጅ ወደ ምዘና ይላካል። እዚያ የሠለጠነ ሰው ጊዜ ወስዶ በጥልቀት ያየዋል። በልየታ ብቻ «ልጃችሁ እንዲህ ነው» ብሎ የሚደመድም ሰው ቸኩሏል።

ከታወቁት ምዘናዎች አንዱ የቤይሊ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናንሲ ቤይሊ ያዘጋጀችው ሲሆን የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1969፣ አራተኛው ደግሞ በ2019 ወጥቷል። እስከ 42 ወር ላሉ ልጆች ያገለግላል። ከውጭ ለሚያየው ጨዋታ ነው የሚመስለው። ልጁ ኩብ ይደረድራል፣ የተደበቀ አሻንጉሊት ይፈልጋል፣ ሥዕል ይጠቁማል፣ ደረጃ ይወጣል።

ከጨዋታው ጀርባ ግን ጥብቅ ሕግ አለ። ለሁሉም ልጅ ዕቃው አንድ ነው፣ ትእዛዙ የሚነገርበት ቃል አንድ ነው፣ የሚሰጠው የሙከራ ብዛትም አንድ ነው። «ደረጃውን የጠበቀ» የሚያሰኘው ይኸው ነው። እናት ከጎን ሆና «እንዴ፣ ቤት ታውቀው የለ! ያንን ቀዩን አንሳ» ካለች ልጁ የተለየ ጥያቄ ተጠየቀ ማለት ነው፤ ውጤቱን ከሌሎቹ ጋር ማስተያየት አይቻልም። ባለሙያው ዝም በሉ የሚለው ጨክኖ አይደለም።

ሌላም ወላጅ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። ጥያቄዎቹ ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳሉ። በሦስተኛው የቤይሊ እትም ለምሳሌ፣ ልጁ አምስት ጥያቄ በተከታታይ ሲያቅተው ነው የሚቆመው። ስለዚህ ጎበዙም ልጅ የማይችለው ቦታ ይደርሳል። ብዙ ወላጅ አንጀቱ የሚላወሰው እዚያ ላይ ነው፤ ሕጉ ግን ለሁሉም እንዲሁ ነው።

ውጤቱም በቀላሉ ያሳስታል። አማካዩ 100 ነው፤ ነገር ግን ከመቶ የሚታሰብ ነጥብ አይደለም። ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ያርፋሉ። ከ70 በታች የሚሆኑት ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው። አማካዩ የተገኘው ቀድሞ ከተመዘኑ ብዙ ልጆች ነው፤ እነዚያ ልጆች የኛን ልጅ የማይመስሉ ከሆነ ቁጥሩን በጥርጣሬ ማየት ያስፈልጋል። ጥያቄውን ተርጉሞ ብቻ በሌላ አገር ልጅ ላይ መጠቀም አይበቃም።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ሒሳቡ ይለያል። በ32 ሳምንት የተወለደ ሕፃን ስምንት ሳምንት ቀድሟል። ስለዚህ ዓመት ሲሞላው የሚመዘነው እንደ 10 ወር ልጅ ነው። ይህ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይታሰብለታል። ካልታሰበ ግን ያለ ጥፋቱ «ዘገየ» ይባላል። የማይሰማ ጆሮም እንዲሁ ያሳስታል፤ ንግግሩ የዘገየ ልጅ ጆሮው መመርመር አለበት። የደከመው፣ ያመመው ወይም ሰው የፈራ ልጅም የሚችለውን ላያሳይ ይችላል። ደግሞም የሕፃንነት ውጤት ነገ በትምህርት ምን እንደሚሆን በእርግጠኝነት አይተነብይም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ከጠቅላላ ቁጥሩ ይልቅ ዝርዝሩ ይጠቅማል። ሁለት ልጆች ሁለቱም አይናገሩም እንበል። አንደኛው የሚባለውን ሁሉ ይረዳል፣ በጣቱም ይጠቁማል። ሌላኛው ስሙ ሲጠራ እንኳ ዞር አይልም። ቤት ውስጥ «አይናገርም» የሚለው ስሞታ አንድ ቢሆንም የሚያስፈልጋቸው እገዛ ለየቅል ነው። ያንን የሚለየው ምዘናው ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ይህን የሚደነግግ ሕግ አለ። ልጁ ከተላከበት ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ተመዝኖ፣ ቤተሰቡና ባለሙያዎቹ ዕቅድ ለማውጣት መቀመጥ አለባቸው። ዕቅዱ ላይ «ማንኪያ ይዞ ራሱ እንዲበላ» ዓይነት ቤተሰቡ የሚፈልገው ግብ ይሰፍራል። በየስድስት ወሩም ምን እንደተለወጠ ይታያል።