ትራንስፈር ጋርድ ምንድን ነው? ለአንድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድንስ ምን ይጨምርለታል?

ኤፕሪል 7 ቀን 2025፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ። የአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ሊያልቅ ሰከንዶች ቀርተውታል። ፍሎሪዳ ሂውስተንን 65 ለ 63 እየመራ ነው፣ ኳሱ ግን ሂውስተን እጅ ላይ ነው። የሂውስተኑ ኢማኑኤል ሻርፕ ለሶስት ነጥብ ዘለለ። ገና አየር ላይ እያለ የፍሎሪዳው ዋልተር ክሌይተን ጁኒየር እጁን ዘርግቶ ደረሰበት። ሻርፕ ቢወረውር ሊታገድበት ነው፣ ኳሱን እንደያዘ ቢያርፍ ደግሞ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ኳሱን መሬት ላይ ለቀቀው፣ እሱ ራሱ መልሶ ሊነካው አይችልም፣ ሌላ ሰውም ቶሎ አልደረሰለትም፣ ሰዓቱ አለቀ። ፍሎሪዳ ሻምፒዮን ሆነ።

ክሌይተን የኮሌጅ ሕይወቱን የጀመረው ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ኒውዮርክ ግዛት ባለች አዮና በምትባል ትንሽ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተጫውቶ ነው በ2023 የመጣው። ትራንስፈር ጋርድ የሚባለው እንዲህ ያለው ተጫዋች ነው። ቃሉ በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የኮሌጅ ስፖርት ወሬ ውስጥ ይደጋገማል፤ አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ደግሞ ልጆቻችሁ ማርች ማድነስ የሚባለው ትልቁ የኮሌጆች ውድድር ሲመጣ ሲያወሩት ሳትሰሙ አትቀሩም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ቃሉን ለሁለት እንክፈለው። ጋርድ ማለት በአብዛኛው ከቡድኑ አጠር የሚል፣ ኳሱን ከኋላ ይዞ የሚመጣ፣ ከሩቅ የሚወረውርና ጨዋታውን የሚያደራጅ ተጫዋች ነው። ሜዳ ላይ ካሉት አምስቱ ሁለቱ፣ አንዳንዴም ሶስቱ ጋርዶች ናቸው። ዋናው አደራጅ ፖይንት ጋርድ ይባላል፤ ይበልጥ ለመወርወር የተመደበው ሹቲንግ ጋርድ። አሁን አሁን ሁለቱ እየተቀላቀሉ ስለመጡ በስማቸው ብዙ አንጨናነቅ።

ትራንስፈር ደግሞ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ ኮሌጅ የተዛወረ ማለት ነው። የእግር ኳስ ዝውውር የለመደ ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ይደናገራል። ሁለት ክለቦች ተቀምጠው ዋጋ ተደራድረው ተጫዋች የሚገበያዩበት ነገር አይደለም። ልጁ ተማሪ ነው፤ መልቀቅ ሲፈልግ ስሙን ፖርታል በሚባለው መዝገብ ላይ ያስገባል፣ ከዚያ የሌሎች ትምህርት ቤቶች አሰልጣኞች ደውለው ማነጋገር ይችላሉ። የሚማረው ትምህርትም አብሮት ይዛወራል፤ የትምህርት መስፈርቱን ካላሟላ አይጫወትም።

ፖርታሉ ሥራ የጀመረው በጥቅምት 2018 ነው። ያን ጊዜ ግን አንድ ከባድ ቅጣት ነበር፦ የተዛወረ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በአብዛኛው አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። ዴቪዮን ሚቸል ከኦበርን ወደ ቤይለር ሲሄድ የ2018–19ን ውድድር ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። በ2021 ሕጉ ላላ፣ አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ መዛወር ተፈቀደ። በ2024 ደግሞ ትምህርቱን በአግባቡ የያዘ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ጊዜ ተዛውሮ ወዲያው መጫወት ይችላል ተባለ። በዚያ ላይ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ጀምረዋል፣ ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ በየፀደዩ ብዙ ተጫዋቾች የሚንቀሳቀሱበት ትልቅ ገበያ ተፈጠረ።

ታዲያ አሰልጣኞች ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ለምን ጋርድ ላይ ይረባረባሉ?

መልሱ ኳሱ ማን እጅ ላይ እንደሚቆይ ሲታይ ይገኛል። አንድ የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው። በዚያ ውስጥ አንድ ቡድን ወደ 70 ገደማ የማጥቃት ዕድል ያገኛል፣ በእያንዳንዱ ዕድል ላይ ደግሞ በአማካይ ከአንድ ነጥብ ትንሽ የሚበልጥ ያስቆጥራል። እንግዲህ በየጨዋታው 15 ጊዜ ኳስ የሚያባክን ቡድን አለ እንበል። የሰከነ ጋርድ መጥቶ ይህን ወደ 11 ቢያወርደው አራት ተጨማሪ ዕድል አገኘ ማለት ነው፤ አራት ነጥብ ገደማ። ማንም በተሻለ ሁኔታ ሳይወረውር፣ ማንም ከፍ ብሎ ሳይዘልል። የፍሎሪዳና የሂውስተን ፍጻሜ ያለቀው በሁለት ነጥብ መሆኑን አስታውሱ። እኔ አዲስ ጋርድ መጣ ሲባል መጀመሪያ የማየው ስንት እንደሚያስቆጥር ሳይሆን ስንት ኳስ እንደሚያባክን ነው።

ሁለተኛው ነገር ለሌሎቹ የሚከፍተው ቦታ ነው። ፒክ ኤንድ ሮል የሚባለውን እንቅስቃሴ አይታችሁ ይሆናል። ረዥሙ ተጫዋች ይመጣና የጋርዱን ጠባቂ በገላው ይከልልለታል፣ ከዚያ ራሱ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። ጋርዱ ከሩቅ መወርወር የማይችል ከሆነ ተከላካዮቹ ወደኋላ ሸሽተው ቅርጫቱን ያጥራሉ፣ ረዥሙ ልጅም እዚያ ውስጥ ይታፈናል። ጋርዱ ግን ኳስ እያነጠረ መጥቶ ድንገት ቆም ብሎ ሶስት ነጥብ የሚያገባ ከሆነ ሁለት ሰው ወደ እሱ መውጣት ይኖርበታል፤ ያኔ ረዥሙ ልጅ ባዶ ቅርጫት ያገኛል፣ ካላገኘም ጥግ ላይ የቆመው ወርዋሪ ይለቀቃል። ባለፈው ዓመት ደካማ ይባል የነበረ ረዥም ተጫዋች ዘንድሮ ድንገት ጎበዝ ሆኖ ሲታይ አንዳንድ ጊዜ የተለወጠው እሱ አይደለም፣ ኳስ የሚያቀብለው ሰው ነው።

ሶስተኛው ዕድሜ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ የሚመጣ የ18 ዓመት ልጅ የቱንም ያህል ተሰጥኦ ቢኖረው 10,000 ሰው እየጮኸበት፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ በሶስት ነጥብ እየተመራ ኳስ ይዞ አያውቅም። ሁለት ሶስት ዓመት ሌላ ቦታ የተጫወተው የ21 ወይም የ22 ዓመት ጎረምሳ ግን ይህን ደጋግሞ አይቶታል። ስህተቱን ሌላ ትምህርት ቤት ሠርቶ ጨርሶ ነው የሚመጣው። አዲሱ አሰልጣኝ የሚያገኘው ያን ልምድ ነው፣ እና በእውነቱ ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት አዝናለሁ፤ አሳድጎ ለሌላ መስጠት ቀላል አይደለም።

ወደ ክሌይተን እንመለስ፣ ምክንያቱም የእሱ መንገድ ነገሩን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። አዮና ውስጥ በሁለተኛ ዓመቱ የኮንፈረንሱ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ የሚወዳደርበት የኮሌጆች ምድብ፣ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። አሰልጣኙ ሪክ ፒቲኖ ወደ ሴንት ጆንስ ሲሄድ እሱም ፖርታል ገባና ወደ ተወለደበት ግዛት ተመለሰ። ፍሎሪዳ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 16 አሸንፎ 17 የተሸነፈ ቡድን ነበር። የፍሎሪዳ አሰልጣኝ ቶድ ጎልደን በዚያው ዓመት ዛየን ፑሊን የሚባል ሌላ ጋርድም ከዩሲ ሪቨርሳይድ አመጣ። ፑሊን ኳሱን ያደራጃል፣ ክሌይተን ከጎኑ ሆኖ ይወረውራል። ቡድኑ 24 ጨዋታ አሸነፈና ወደ ማርች ማድነስ ገባ፤ ግን በመጀመሪያው ዙር በኮሎራዶ 102 ለ 100 ተሸንፎ ወጣ። ክሌይተን ያን ቀን 33 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር።

ፑሊን የኮሌጅ ጊዜውን ጨረሰ። ያኔ ኳሱ ለክሌይተን ተሰጠ፤ ወርዋሪ የነበረው ልጅ አደራጅም ሆነ። ከጎኑ ደግሞ አላይጃ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ መጣ፣ በ2023 ያቺ ብዙም ያልተጠበቀች ትምህርት ቤት እስከ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ አብሯት የነበረ ነው። ሶስተኛው ዊል ሪቻርድ ቀድሞ በ2022 ከቤልሞንት የመጣ ነው። ልብ በሉ፣ ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ሶስቱም ቋሚ ጋርዶቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። 36 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ።

በሩብ ፍጻሜው ቴክሳስ ቴክ ጨዋታው ሊያልቅ ሶስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው በ9 ነጥብ ይመራ ነበር። ክሌይተን ተከላካይ ፊቱ ላይ ተለጥፎበት እያለ እየተጠማዘዘ የወረወራቸው ባለ ሶስት ነጥብ ኳሶች ገቡ፤ ፍሎሪዳ 84 ለ 79 አለፈ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ በኦበርን ላይ 34 ነጥብ። ፍጻሜው ላይ ደግሞ ሂውስተን አንቆ ያዘው፣ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድም ነጥብ አላገኘም፣ ቡድኑም በሁለተኛው አጋማሽ እስከ 12 ነጥብ ተመርቶ ነበር። ክሌይተን ተናድዶ በየአጋጣሚው መወርወር አልጀመረም። ሪቻርድ 18 ነጥብ አስቆጠረ፣ ማርቲን መጨረሻ ላይ ወሳኝ ነጻ ውርወራዎችን አገባ፣ ክሌይተን 11 ነጥቡን ቀስ ብሎ አገኘና በመጨረሻ ያን ውርወራ ከለከለ። የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ለእኔ ከ34ቱ ነጥብ ይልቅ ይሄኛው ቀን ነው ልጁን የሚያሳየው።

ፍሎሪዳ ብቻውን አይደለም። ቤይለር በ2021 ያለሽንፈት የመጣውን ጎንዛጋን 86 ለ 70 ሲያሸንፍ ቀደም ሲል ያነሳነው ሚቸልና ከዩኤንሲ አሽቪል የመጣው ማሲዮ ቲግ ከጋርዶቹ መካከል ነበሩ። የዩኮን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ትሪስተን ኒውተን ኢስት ካሮላይና እያለ በጨዋታ ከ17 ነጥብ በላይ ያስቆጥር ነበር። ወደ ዩኮን መጥቶ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 10 ገደማ ወረደ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ልጁ ወደቀ ይላል። ቡድኑ ግን በዚያ ዓመት፣ በ2023፣ ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 ድሉን ሲደግም ኒውተን የውድድሩ ኮከብ ነበር፣ ከጎኑም ከሎዮላ ሜሪላንድ ተነስቶ በረትገርስ በኩል የመጣው ካም ስፔንሰር ነበር፤ ኳስ ሳይዝ እየሮጠ ባዶ ቦታ የሚያገኝ ወርዋሪ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ደጋፊ የሚሳሳተው። ትንሽ ኮንፈረንስ ላይ 20 ነጥብ የሚያስቆጥር ጋርድ መጣ ሲባል 20ውን ነጥብ ነባሩ ቡድን ላይ ይደምረዋል። እንደዚያ አይሠራም። ኳሱ አንድ ነው። ልጁ እዚያ ሲጫወት ግማሹን ጊዜ ኳሱ እሱ እጅ ላይ ነበር፤ ጠባቂዎቹም አጠር ያሉና ዘገም ያሉ ነበሩ። ትልቅ ኮንፈረንስ ላይ ያው ውርወራ ረዥም ክንድ ይጠብቀዋል። ኳስ ካልያዘ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ከሆነ ጥግ ቆሞ ይመለከታል፣ ከያዘ ደግሞ ሌሎቹ አራቱ ቆመው ያዩታል። ወንበር ላይ ሁለት ዓመት ተራውን ሲጠብቅ የቆየ ነባር ልጅም አለ፤ ቦታው ድንገት ሲወሰድበት እሱም ፖርታል ሊገባ ይችላል፣ እና አንድ ቀዳዳ ሲደፈን ሌላ ይከፈታል።

ስለዚህ ቡድናችሁ ጋርድ አስመጣ ሲባል ከነጥቡ በፊት ትንንሾቹን ነገሮች እዩ። ነጻ ውርወራ ከመቶ ስንቱን ያገባል? መጨረሻ ላይ ባላጋራ ሆን ብሎ ጥፋት የሚሠራው እሱ ላይ ነውና ይህ ጨዋታ ይወስናል። ለአንድ ያባከነው ኳስ ስንት ለጎል የሚሆን ኳስ አቀብሏል? ሁለት ለአንድ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሶስት ለአንድ ከሆነ በእጃችሁ ያዙት። ከእሱ ጠንካራ ከሆኑ ቡድኖች ጋር ሲጋጠም ምን ሠራ? ተከላካይነቱስ? ማጥቃት ላይ የሚያመጣውን ስምንት ነጥብ መከላከል ላይ መልሶ የሚሰጥ ጋርድ ብዙ ነው። ደግሞም አንድ ጋርድ ሁሉን አይጠግንም። ቡድኑ የሚሸነፈው ሪባውንድ፣ ማለትም ስቶ የተመለሰውን ኳስ፣ ስለማያገኝ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው።

ፍሎሪዳ ከድሉ በኋላ ሶስቱንም ጋርዶች በአንድ ጊዜ አጣ። ክሌይተን በ2025ቱ የኤንቢኤ የተጫዋቾች ምርጫ 18ኛ ሆኖ ሄደ፣ ማርቲንና ሪቻርድም በማግስቱ ምሽት ተመረጡ። ጎልደን ጊዜ አላጠፋም፣ ተመልሶ ወደ ፖርታሉ ገባ። ዛቪየን ሊን ከፕሪንስተን፣ ቡጊ ፍላንድን ከአርካንሳስ አመጣ። አንዱ ከትንሽ ኮንፈረንስ የመጣ የጎለመሰ ተጫዋች ነበር፣ ሌላው በትልቅ ኮንፈረንስ አንድ ዓመት ብቻ ያየ ልጅ።