መመሪያ ምንድን ነው?

«መመሪያው አይፈቅድም።»

አዲስ አበባ ውስጥ ጉዳይ ያለው ሰው ይህችን ቃል ሳይሰማ አይከርምም። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋት መሐል ከተማ ባለ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ነው። ጉዳዬ አንዲት ማህተም ነበረች። ሠራተኛዋ ወረቀቶቼን አገላበጠችና «ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ አምጣ» አለችኝ።

«እህቴ፣ እኔ የምሠራው ለራሴ ነው።»

«እሱን መመሪያው አያውቅም።»

«የትኛው መመሪያ?»

«መመሪያ ነዋ!»

ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ አዛውንት ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ድሮ ‹ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው› ይሉን ነበር። አሁን ስሙን ቀይረውት ነው» አሉኝ።

አባባ ግማሽ ልክ ናቸው። አንዳንዱ ሰው ቃሉን እንደዚያ ነው የሚጠቀምበት። መመሪያ ግን ከአለቃ አፍ የሚወጣ ትእዛዝ አይደለም። ሕግ ነው። በጽሑፍ ያለ፣ ቁጥር ያለው፣ ደግሞም እናትና አያት ያለው ሕግ።

አያትየው አዋጅ ነው። የሚያወጣው አራት ኪሎ፣ በባለ ሰዓቱ ሕንፃ የሚታወቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። እኛ የመረጥናቸው ሰዎች ተወያይተው እጅ ያወጡበታል። ከዚያ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይላካል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ላይ መፍትሔ አስቀምጧል፤ አዋጁ ያለ ፊርማ በሥራ ላይ ይውላል። ይህችን አንቀጽ በጣም ነው የምወዳት።

እናትየው ደንብ ናት። የምታወጣት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ያውም ፓርላማው ሥልጣን ሲሰጠው ብቻ። መመሪያ ደግሞ የልጅ ልጅ ነው። የሚያወጣው አንድ ሚኒስቴር ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የአዋጆችን የመጨረሻ ገጽ ገልብጣችሁ ብታዩ ሥልጣኑ ከየት እንደመጣ ታገኙታላችሁ። «ይህን አዋጅ ለማስፈጸም ደንብና መመሪያ ሊያወጣ ይችላል» የሚል አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚቀመጠው።

ከደመወዛችሁ የሚቆረጠውን ግብር ውሰዱ። ግብሩን የጣለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው (በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል)። ዝርዝሩ በደንብ ቁጥር 410/2009 ወጣ። ከትራንስፖርት አበላችሁ ስንት ብሩ ከግብር ነፃ ይሁን የሚለውን ግን የወሰነው መመሪያ ነው። የወር መጨረሻ ላይ ኪሳችን የሚገባውን የሚለየው ብዙ ጊዜ ይሄ ትንሹ ሕግ ነው።

ትንሽ ስል ደግሞ እንዳትንቁት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው በምንድን ነው? በብሔራዊ ባንክ መመሪያ። ከዚያ በኋላ ሱቅ ሄዶ የዘይት ዋጋ የጠየቀ ሰው የመመሪያን ጉልበት ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ጉልበቱ ግን ገደብ አለው። መመሪያ ከደንቡ ውጪ፣ ደንብም ከአዋጁ ውጪ መሄድ አይችልም። ሁሉም ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ በታች ናቸው። አንቀጽ 9 ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማድ ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? መደበቁ።

አዋጅና ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማሉ። ስሙ ራሱ ይናገራል። ድሮ ነጋሪት ተጎስሞ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። ጋዜጣው በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም ከበሮው ወደ ወረቀት ዞረ ማለት ነው። ዛሬም አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ጎራ ብሎ መግዛት ይቻላል። አንድ ገጽ በሁለት ዓምድ ይከፈላል፤ በአንዱ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። ልዩነት ካለ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከአዋጁ ስም ጎን ያለው ቁጥር ደግሞ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የተቆጠረ ነው። ቁጥር 1/1987 ሕገ መንግሥቱ የታወጀበት ነው።

መመሪያ ግን ነጋሪት አይጎሰምለትም ነበር። አንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ባለጉዳይ የማያየው ሕግ መስኮት ላይ ሲጠቀስለት እንዴት ብሎ ይከራከራል?

ይህን ለመቀየር የመጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ስሙ ያስተኛል፤ ነገሩ ግን ወርቅ ነው። መሥሪያ ቤቱ መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት መቀበል አለበት። ከጸደቀ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገብና ቁጥር ይሰጠዋል። በድረ ገጽም ይጫናል። ያልተመዘገበና ያልተጫነ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። መመሪያው ከሕግ ውጪ ነው የሚል ሰው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲመረምርለት ማመልከት ይችላል። በመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ቅር የተሰኘም እንዲሁ፤ እሱ ግን መጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታውን ማቅረብ አለበት።

እና እኔስ? በማግስቱ ተመለስኩ። ጥያቄዬን ብቻ ቀየርኩ። «እህቴ፣ የመመሪያውን ቁጥር ልትነግሪኝ ትችያለሽ? ላነበው ፈልጌ ነው።» በቁጣ አልነበረም። እንደውም ፈገግ ለማለት ሞክሬያለሁ።

ዝም ብላ አየችኝ። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ ኮፒው የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ መጣች። መስኮቱ ላይ አስደግፋ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር። አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ወይም የታደሰ የንግድ ፈቃድ» ይላል።

«ወይም» አልኳት።

«ወይም» አለች፤ እሷም ሳቀች። «ለኛም እኮ በቃል ነው የተነገረን።»

የንግድ ፈቃዴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ማህተሙ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። የዚያን ቀን ሰልፍ ላይ አባባ አልነበሩም። የመመሪያውን ቁጥር ግን እስክሪብቶ ለምኜ ደረሰኜ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።