አቮካ፦ ወንዞች የሚገናኙባት የአየርላንድ መንደር

አቮካ በአየርላንድ ምሥራቅ፣ በዊክሎው አውራጃ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ከደብሊን ወደ ደቡብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ያስኬዳል። ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ አይሞሉም። አንድ ዋና መንገድ፣ ጥቂት ሱቆች፣ ቤተክርስቲያን፣ መጠጥ ቤትና የድንጋይ ድልድይ አላት። ግራና ቀኟ ደን የለበሱ ኮረብቶች ናቸው። በመሃል የአቮካ ወንዝ ይወርዳል። ከመንደሯ ብዙም ሳይርቅ አርክሎው ከተማ ጋ ሲደርስ ባሕር ይገባል።

ስለ አቮካ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ውበቷ ነው። ውበቷ እውነት ነው። ግን ወንዙን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የታችኛው ድንጋይ ብርቱካንማ ሆኖ ያገኘዋል። እኔ አቮካን የምወዳት ሁለቱን አንድ ላይ ስለያዘች ነው። ይህን ሸለቆ ያዘፈነውም ያቆሸሸውም ታሪክ የተሠራው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። የጥንቱ የጂኦግራፊ ሊቅ ቶለሚ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድን ወንዞች ሲዘረዝር አንዱን "ኦቦካ" ብሎታል። አቮካ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። መንደሯ ራሷ ቀደም ሲል "ኒውብሪጅ" ነበር የምትባለው፤ አዲስ ድልድይ ማለት ነው።

የአቮካ ወንዝ የሚጀምረው ከመንደሯ ወደ ላይ፣ ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ቦታ ነው። አንዱ አቨንሞር ነው፣ በአይሪሽ ቋንቋ "ትልቁ ወንዝ"። ሌላው አቨንቤግ፣ "ትንሹ ወንዝ"። መገናኛው ላይ የሚሰማው የውሃው ድምፅና የዛፎቹ ሹክሹክታ ነው። የአየርላንዱ ባለቅኔ ቶማስ ሙር በ1807 እዚህ መጥቶ ነበር። ኋላ ስለዚህ ቦታ የጻፈው ግጥም በቆየ የአገሬው ዜማ ተዘፍኖ ዓለምን ዞረ። በተለይ የምወደው የግጥሙ ሐሳብ ነው። ሙር ቦታውን ያወደሰው በውሃው ጥራትና በሣሩ ልምላሜ ብቻ አይደለም። ቦታውን ያስወደደኝ አብረውኝ የነበሩት ወዳጆቼ ናቸው ይላል። ጥላው ሥር ተቀምጦበታል የሚባለው ዛፍ ግን ዕድል አልቀናውም። ጎብኚው ሁሉ ለማስታወሻ እየቆረሰ ወስዶ ጉቶው ቀረ።

ሙር በመጣበት ጊዜ ከመገናኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ መዳብ ይቆፈር ነበር። ወንዙ ሙር ያየው ቦታ ላይ ከማዕድኑ በላይ ነው። ወርዶ መንደሯ ሳይደርስ በፊት ነው ማዕድኑ መሃል የሚያልፈው።

ቁፋሮው የተጀመረው በ1720ዎቹ አካባቢ ነው። በወንዙ ምሥራቅ ክሮንቤንና ቲግሮኒ፣ በምዕራብ ባሊመርታ የሚባሉ የማዕድን ቦታዎች ነበሩ። የጉድጓዱ ውሃ መዳብ የሟሟበት ስለነበር አንድ ብልሃት ተገኘ። አንድ ሠራተኛ የብረት አካፋውን ውሃው ውስጥ ረስቶት ሲመለስ መዳብ ለብሶ አገኘው ይባላል። ወሬው ትክክል ይሁን አይሁን፣ ሳይንሱ ግን ትክክል ነው። ብረቱ ይሟሟል፣ በቦታው መዳቡ ይረጋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ቁርጥራጭ ብረት ገንዳ ውስጥ እየዘፈዘፉ መዳብ ይለቅሙ ነበር። ማዕድኑን የሚያስቆፍረው ኩባንያ በ1789 የክሮንቤን ስም ያለበት የራሱን የመዳብ ሳንቲም እስከ ማስቀረጽ ደርሷል። የዛሬ ሳንቲም ሰብሳቢዎች በደንብ ያውቁታል።

ወርቅም አለ። በ1795 ከአቮካ ደቡብ ምዕራብ፣ ክሮጋን ኪንሴላ ከሚባለው ተራራ ከሚወርድ ጅረት ወርቅ ተገኘ። የአካባቢው ገበሬ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከተገኙት እንክብሎች ትልቁ 22 አውንስ ይመዝን ነበር፤ ከግማሽ ኪሎ በላይ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ወታደር ልኮ ቦታውን ያዘ። ጅረቱ እስከ ዛሬ "የወርቅ ማዕድን ወንዝ" ነው የሚባለው።

አቮካን ያሳደጋት ግን ወርቁ አልነበረም፣ ድኝ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያ ፋብሪካዎች ሰልፈሪክ አሲድ ለመሥራት ድኝ ይፈልጉ ነበር። ድኙ ይመጣ የነበረው ከሲሲሊ ነው። በ1838 የዚያ አገር ንጉሥ ንግዱን ለአንድ የፈረንሳይ ድርጅት ብቻ ሲሰጥ ዋጋው ሰማይ ነካ። አቮካ ደግሞ ፓይራይት በሚባለው የብረትና የድኝ ድንጋይ የተሞላች ናት። እንደ ተራ ነገር ይታይ የነበረው ድንጋይ በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። ጭነቱ በሐዲድ እየተጎተተ አርክሎው ወደብ ይወርድ ጀመር። ከጉድጓዱ ውሃ ለመሳብ የእንፋሎት ሞተር ቤቶች ተሠሩ። ረጃጅም የጭስ ማውጫቸው ዛሬም ኮረብታው ላይ ቆሞ ይታያል። ከሩቅ ሲታዩ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ይመስላሉ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቁፋሮው እየቆመ እየተጀመረ ቆይቶ በ1982 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ። ብዙ ሰው ከሥራ ወጣ። ማዕድኑ ግን ሥራውን አላቆመም። ፓይራይት መሬት ውስጥ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም። ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይሆናል። አሲዱ ከድንጋዩ መዳብና ዚንክ ያሟሟል። ከጉድጓዱ ውሃ የሚስበው ሞተር ሲቆም ውሃው ሞልቶ በድሮዎቹ የማፍሰሻ ዋሻዎች ይወጣል። ወንዙ ሲገባ ብረቱ እንደ ዝገት ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። ብርቱካንማው ቀለም ይህ ነው። ለዓሣ የሚከፋው ግን በዓይን የማይታየው መዳብና ዚንክ ነው። ሳልሞን ከባሕር ወጥቶ ወደ ላይኞቹ ንጹሕ ወንዞች ለመድረስ በዚህ ማለፍ አለበት። ሌላ መንገድ የለውም።

ከክሮንቤን በላይ ኮረብታው አናት ላይ "ሞቲ ስቶን" የሚባል ትልቅ የግራናይት ቋጥኝ አለ። ሳይንሱ የበረዶ ዘመን ግግር አምጥቶ ጥሎት የሄደ ነው ይላል። የአገሬው ተረት ደግሞ ግዙፉ ጀግና ፊን ማክኩል ሀርሊንግ ሲጫወት የመታው ኳስ ነው ይላል። ሀርሊንግ በዱላ የሚመታ፣ የእኛን የገና ጨዋታ የሚያስታውስ የአይሪሾች ጨዋታ ነው። ከቋጥኙ ሆኖ ሸለቆውን ሁሉ ማየት ይቻላል፣ የተቆፈረውንም ጭምር።

የመንደሯ ሌላው እንጀራ ሽመና ነው። እዚህ ያለው የሽመና ቤት ከ1723 ጀምሮ እንደሚሠራ ይነገራል። ገበሬው የበጎቹን ፀጉር ያመጣና እዚያ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ብርድ ልብስ ሆኖ ይወስደው ነበር። በ1920ዎቹ የዊን ቤተሰብ ሦስት እህቶች ተረከቡት። ድፍን ግራጫ የነበረውን ጨርቅ ደማቅ ቀለም ያለበሱት እነሱ ናቸው። ኋላ "አቮካ" በመላ አየርላንድ ሱቅና ካፌ ያለው የታወቀ ስም ሆነ። በ2015 የአሜሪካው አራማርክ ኩባንያ ገዛው። ብዙ የደብሊን ሰው አቮካ ሲባል ትዝ የሚለው ኬክና ብርድ ልብስ ነው፣ መንደሯ አይደለችም። የሽመና ቤቱ ግን አሁንም እዚያው ነው። ጎብኚ ገብቶ ድርና ማጉ ሲዋሃድ ቆሞ ማየት ይችላል።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ከ1996 እስከ 2001 የታየውን "ባሊኪሳንጀል" የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ቢቢሲ እዚህ ቀረጸ። ከእንግሊዝ ወደ አንዲት የአየርላንድ መንደር ስለተላከ ቄስ ነው። ማዕድኑ ከተዘጋ ገና 14 ዓመቱ ነበር። ጎብኚ በአውቶቡስ ይጎርፍ ጀመር። በድራማው ፊትዝጀራልድ የተባለው መጠጥ ቤት ስሙን እንደያዘ ቀርቷል።

ባቡር ግን አይቆምም። የደብሊንና የሮስሌር መስመር የሚያልፈው መንደሯ ጎን ነው፤ ጣቢያው የተዘጋው በ1964 ነው። በባቡር የሚመጣ ሰው ራዝድረም ወይም አርክሎው ወርዶ መኪና ይፈልጋል።

ሸለቆው ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። ከአየርላንድ ጠፍቶ የነበረው ቀይ ጭልፊት ከ2007 ጀምሮ ከዌልስ እየመጣ በዊክሎው ተለቀቀ። ዛሬ ጭራው እንደ መቀስ የተከፈለ ወፍ በመንደሯ ሰማይ ላይ ሲንሳፈፍ ማየት ብርቅ አይደለም። ፓይራይት ሲጠቀም የነበረ አንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ በ2002 ተዘጋ። ለዘመናት የአርክሎው ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዙ ውስጥ ይለቀቅ ነበር፤ አሁን ማጣሪያ ተሠርቶለታል። የወንዙ አፍ በዚህ ተገላግሏል። ከመገናኛው ዝቅ ብሎ ግን ከዋሻዎቹ የሚወጣው ውሃ ዛሬም ይፈሳል፣ ድንጋዩም ብርቱካንማ ነው።