ሳያራቡ መለየት፦ የባክቴሪያ ማኅበረሰብን በጂን ንባብ ማጥናት

በአንዲት ጠብታ የባሕር ውሃ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን እምብዛም አይለያዩም። ክብ ናቸው፣ ዘንግ ይመስላሉ፣ አንዳንዶቹ ይጠማዘዛሉ፤ በቃ። መልካቸውን አይቶ ማን ማን እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ያለው አማራጭ ማራባት ነበር። ናሙናው ምግብ ባለበት ፔትሪ ሳህን ላይ ይቀባል፣ የበቀለው ይጠናል። ችግሩ አብዛኞቹ ሳህን ላይ አለመብቀላቸው ነው። ከአፈርና ከባሕር በተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ከሚቆጠሩት መካከል የሚበቅሉት ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። አንዱ ኦክስጅን ይገድለዋል፣ ሌላው ከጎረቤቱ የሚያገኘውን ነገር ካጣ አይበቅልም። በሌላ አነጋገር፣ ሳይንስ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ያወቀው ሳህኑ የተስማማቸውን ብቻ ነው።

መውጫው የተገኘው ከራይቦሶም ነው። ራይቦሶም ፕሮቲን የሚሠራ የሕዋስ ክፍል ሲሆን ሕይወት ያለው ሕዋስ ሁሉ አለው። ከዚህ ክፍል አንዱን አካል፣ አርኤንኤ የሚባለውን ሞለኪውል፣ የሚያሠራው ጂን በባክቴሪያ ውስጥ 16ኤስ ይባላል። ርዝመቱ ወደ 1,500 ፊደል፣ ማለትም የዲኤንኤ መሠረታዊ አሃድ፣ ነው። የጂኑ አንዳንድ ቦታዎች በሁሉም ባክቴሪያዎች ዘንድ ተመሳሳይ ናቸው ማለት ይቻላል። በመካከላቸው ደግሞ ከዝርያ ዝርያ የሚለዋወጡ 9 ቦታዎች አሉ። የማይለወጠው ቦታ ጂኑን ለመያዝ እጀታ ይሆናል፤ የሚለዋወጠው እንደ ስም ያገለግላል።

ይህን ሞለኪውል ለዝምድና መለያ የተጠቀመበት አሜሪካዊው ካርል ዎዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ከጆርጅ ፎክስ ጋር ባወጣው ጥናት ሚቴን የሚያመርቱ አንዳንድ “ባክቴሪያዎች” ጭራሽ ባክቴሪያ እንዳልሆኑ አሳየ። ዛሬ አርኬያ ይባላሉ። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ጂን የሚያነብ ማሽን አልነበረም። አርኤንኤውን ቆራርጦ ፊልም ላይ የሚወጡትን ነጠብጣቦች ማወዳደር ነበረበት፤ ዓመታት የፈጀ፣ ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሥራ።

ቀጣዩን እርምጃ በ1980ዎቹ የወሰዱት አሜሪካዊው ተመራማሪ ኖርማን ፔስና ባልደረቦቹ ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ባክቴሪያውን ማራባት ለምን ያስፈልጋል? ጂኑን ከአፈሩ ወይም ከውሃው በቀጥታ አውጥቶ ማንበብ ይቻላል። በ1990 በዚሁ መንገድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገኘው የሳርጋሶ ባሕር ውሃ ሲነበብ ማንም በሳህን ላይ አይቶት የማያውቅ ቡድን ብቅ አለ፤ ሳር11 ተባለ። በውቅያኖስ ውስጥ እጅግ ከበዙት ፍጥረታት አንዱ ሆኖ ተገኘ። በላብራቶሪ ማራባት የተቻለው ግን በ2002 ነው። ስሙ ከታወቀ ከ12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዛሬ ሥራው ከናሙና እስከ ውጤት በቀናት ሊያልቅ ይችላል። ናሙናው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ካልቀዘቀዘ በመንገድ ላይ አንዳንዶቹ ይራባሉ፣ ሌሎቹ ይበሰብሳሉ። ቀጥሎ ሕዋሶቹ ይሰበራሉ። ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑት በኬሚካል ብቻ ስለማይበገሩ ከጥቃቅን ዶቃዎች ጋር በኃይል ይናጣሉ። ይህ እርምጃ ከተዘለለ ጠንካሮቹ ከውጤቱ ይጠፋሉ፣ አጥኚውም “የሉም” ብሎ ይጽፋል። ከወጣው ዲኤንኤ የ16ኤስ ጂን ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ይባዛል፣ በማሽን ይነበባል።

የቀረው የኮምፒውተር ነው። ድሮ 97 በመቶና ከዚያ በላይ የሚመሳሰሉ ንባቦች እንደ አንድ ዝርያ ይመደቡ ነበር። አሁን ብዙዎች የማሽኑን ስህተት ከእውነተኛው ልዩነት የሚለዩ ፕሮግራሞችን ስለሚጠቀሙ የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ አያመልጥም። ስሙ የሚገኘው እንደ ሲልቫ ካሉ የመረጃ ቋቶች ጋር በማመሳከር ነው። ቋቱ ውስጥ የሌለ ባክቴሪያ ስም አልባ ሆኖ ይቀራል።

16ኤስ ማን እንዳለ ይናገራል እንጂ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ለዚያ ሁሉንም ዲኤንኤ ሰባብሮ የሚያነበው ሾትገን ሜታጂኖሚክስ አለ። “ሜታጂኖም” የሚለው ቃል በ1998 በጆ ሃንደልስማንና በባልደረቦቿ ጽሑፍ የወጣ ነው። በ2004 የክሬግ ቬንተር ቡድን የሳርጋሶን ውሃ በዚህ ዘዴ አንብቦ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ጂኖች አግኝቷል። ይህ ዘዴ ወጪው ከፍ ይላል፤ ቁርጥራጮቹን መልሶ መገጣጠምም የብዙ መጻሕፍትን ብጥስጣሽ ገጾች እንደመለየት ነው።

በኔ እይታ ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ውጤት ሲነበብ ነው። የሚወጣው ቁጥር ድርሻ እንጂ ብዛት አይደለም። የአንዱ ድርሻ ከፍ ያለው እሱ ስለበዛ ሊሆን ይችላል፤ ሌሎቹ ስላለቁም ሊሆን ይችላል። የአንጀት ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ የ16ኤስ ጂን 7 ቅጂ ስላለው አንድ ቅጂ ካለው ባክቴሪያ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ተጋንኖ ይታያል። ኢ. ኮላይና ተቅማጥ አምጪው ሺጌላ ደግሞ በዚህ ጂን ብቻ አይለዩም። የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም እንደ ሕያው ይነበባል።

ከሁሉም የባሰው ብክለት ነው። ዲኤንኤ የሚወጣባቸው ኪቶች (ተዘጋጅተው የሚሸጡ የላብራቶሪ ዕቃዎች) እና ፈሳሾች ራሳቸው የባክቴሪያ ዲኤንኤ አለባቸው። በ2014 የታተመ ጥናት ሳልሞኔላ ብቻ ያለበትን ፈሳሽ ደጋግሞ እያቀጠነ አነበበ። ፈሳሹ በቀጠነ ቁጥር ከኪቱ የመጡት እየበዙ ሄዱ፣ በመጨረሻም ሳልሞኔላውን ዋጡት። በዚያው ዓመት የእንግዴ ልጅ የራሱ ባክቴሪያዎች አሉት የሚል ጥናት ወጥቶ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በ2019 ከ500 በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት ግን ከተገኘው አብዛኛው ከኪቱ ወይም ከወሊዱ ሂደት የመጣ መሆኑን አሳየ። ለዚህ ነው ባዶ ቱቦ፣ ምንም ናሙና ሳይጨመርበት፣ ከናሙናዎቹ ጋር እኩል መሠራት ያለበት። ባዶ ቱቦ ያላካተተ ጥናት፣ በተለይ ባክቴሪያ በሚያንስበት ናሙና ላይ፣ ባይታመን ይሻላል።

መሣሪያዎቹ ግን እያነሱ ነው። በኪስ የሚያዘው የኦክስፎርድ ናኖፖር ማሽን 16ኤስን ቁርጥራጩን ሳይሆን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ያነባል። በ2017 ጠፈርተኛዋ ፔጊ ዊትሰን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የተገኙ ተህዋስያንን በዚሁ ማሽን ማንነታቸውን ለየች። መጀመሪያ ግን ፔትሪ ሳህን ላይ አራብታቸው ነበር።