የሾትገን ፕራይመር፦ አንድ ቁጥር፣ ብዙ ዓይነት እሳት

ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን እንክብል የሚበትን ጠመንጃ ነው፤ የተተኮሰ ቀለሁን ሞልቶ መልሶ መተኮስ በአሜሪካ የቆየ የጓዳ ሙያ ነው። ወደ አየር በሚወነጨፉ የሸክላ ዒላማዎች ላይ የሚወዳደር ተኳሽ በአንድ ዙር 25 ጥይት ይጨርሳል፤ ባዶውን ቀለህ ለቃቅሞ ወደ ቤቱ ይወስድና ሜክ በተባለው የዊስኮንሲን ኩባንያ መጭመቂያ ወይም በመሰሉ መሣሪያ ይሞላዋል። የሚያስፈልጉት አምስት ነገሮች ናቸው፦ ቀለህ፣ ፕራይመር፣ ባሩድ፣ ባሩዱን ከእንክብሉ የሚለይ የፕላስቲክ ውታፍና የእርሳስ እንክብል። ከአምስቱ ትንሹ ፕራይመር ነው፤ አንዱ ዓይነት ፕራይመር ሲያልቅ ሌላው ዓይነት ይተካዋል የሚል አደገኛ ግምት የሚበዛውም በእሱ ላይ ነው።

ፕራይመር በቀለሁ ግርጌ መሐል የሚሰካ፣ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ቆብ ነው። ምላጩ ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ ቆቡን ይመታዋል፤ በውስጡ ያለው ቅመም በመርፌው ምትና በጠንካራ መደገፊያ መካከል ተጨፍልቆ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉም ከፊት ባለው ቀዳዳ ወጥቶ ባሩዱን ይለኩሳል። የሾትገን ፕራይመር በሌላ ጠመንጃ ጥይት ፕራይመር ላይ የማይታይ ተጨማሪ ሽፋን አለው፤ ቆቡንም መደገፊያውንም አንድ ላይ ይዞ ራሱን የቻለ ዕቃ ያደርገዋል።

በምት እሳት የመፍጠር ሐሳብ የወፍ አዳኝ ሐሳብ ነው። የስኮትላንዱ የቤልሄልቪ ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይዝ በባልጩት ጠመንጃ ሲያድን ወፎቹ በብልጭታው ደንግጠው ጥይቱ ሳይደርስ ያመልጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1807 ፉልሚኔት በተባለ በምት በሚፈነዳ ቅመም የሚሠራ መቀጣጠያ አስመዘገበ። በኋላ ላይ የመጡት ቅመሞች ከተኩስ በኋላ አፈሙዙን የሚያዝግ ጨው ይተዉ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበት በአብዛኛው ሊድ ስቲፍኔት የሚባል የእርሳስ ውህድ ነው።

አሁን ገበያው የተስማማበት መጠን 209 ይባላል። ቀድሞ ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ 57 የሚል የተለየ መጠን ነበረው፤ ከጊዜ በኋላ ግን እሱም ወደ 209 ገባ። ዊንቸስተር፣ ፌዴራል፣ ሲሲአይ፣ የጣሊያኑ ፊዮኪ፣ ቼዲት፣ የስፔኑ ሪዮ ሁሉም በዚህ መጠን ያመርታሉ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ስፋት ብቻ ነው፤ ስለ እሳቱ ምንም አይልም። ሲሲአይ ብቻውን 209 እና ከእሱ የበረታ 209ኤም ይሸጣል፤ የፌዴራል 209ኤ ደግሞ በኃይለኝነቱ የታወቀ ነው። የቅመሙ መጠን፣ የነበልባሉ ርዝመትና ቆይታ፣ የሚለቀው ጋዝ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል።

ይህ ልዩነት በሾትገን ላይ የሚያስፈራበት ምክንያት አለ። የሾትገን አፈሙዝ ስስ ነው፤ የተሠራውም ለአነስተኛ ግፊት ነው። የአሜሪካ የጥይት አምራቾች መለኪያ ተቋም ሳሚ ለ12 ጌጅ (ጌጅ የሾትገን አፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) መደበኛ ጥይት የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ካሬ ኢንች 11,500 ፓውንድ ነው፤ ለ30-06 የጠመንጃ ጥይት ግን 60,000 ይደርሳል። ባሩዱ፣ ውታፉና እንክብሉ ሳይነካ ፕራይመሩ ብቻ ሲቀየር በካሬ ኢንች ከ2,000 ፓውንድ በላይ የግፊት ልዩነት ሊመጣ ይችላል። ከጣሪያው አጠገብ ላለ ጥይት ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ይባስ ብሎ የእንክብሉ ፍጥነት ያን ያህል ላይጨምር ስለሚችል የተኳሹ ትከሻ ነገሩን አያውቀውም።

ብዙዎች ፕራይመሮችን ከደካማ እስከ ብርቱ በደረጃ ለመደርደር ይሞክራሉ። ደረጃው ግን አይጸናም፤ በአንዱ ባሩድ ብርቱ የሆነው በሌላው መካከለኛ ሆኖ ይገኛል፤ ቀለሁና ውታፉም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ደካማው ፕራይመርም ቢሆን ደኅና አይደለም። ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ፣ በተለይ በብርድ፣ በቂ እሳት ካላገኘ ግማሹ ሳይነድ ይቀራል፤ ጥይቱም ደንገዝ ያለ ድምፅ አሰምቶ ይከሽፋል። ውታፉ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ከቀረና ተኳሹ ሳያይ ሌላ ጥይት ካጎረሰ አፈሙዙ ሊያብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። አሜሪካ በውኃ ወፎች አደን ላይ የእርሳስ እንክብልን በመላ አገሪቱ ከከለከለች ከእ.ኤ.አ. 1991 ወዲህ የዳክዬ አዳኞች በአብዛኛው በብረት እንክብል ይጠቀማሉ። ብረት እንደ እርሳስ ተጨፍልቆ ግፊቱን አያለዝብም፤ በዚህ ጥይት ላይ ፕራይመር መቀየር ከሁሉ የከፋ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የጥይት ፍላጎትን ሲያንር የፕራይመር መደርደሪያዎች ባዶ ቀሩ፤ ያገኙትን የመሙላት ፈተናም በረታ። ከአውሮፓ የሚመጡት ፕራይመሮች ሌላ ጣጣም አላቸው፦ አንዳንዶቹ በጥቂቱ ወፈር ስለሚሉ የአሜሪካውን ቀለህ ቀዳዳ ያሰፉታል፤ ቀጥሎ የሚሰካው የአሜሪካ ፕራይመር ይላላል፤ ጋዝም ሊያሾልክ ይችላል።

የባሩድ ኩባንያዎቹ ሆጅደንና አሊያንት፣ እንዲሁም የጥይት መሙያ መሣሪያ ሠሪው ላይማን የሚያሳትሟቸው የአሞላል ሠንጠረዦች የፕራይመሩን ስም ከባሩዱ ልኬት እኩል የሚጽፉት ለዚህ ነው። በእጅ ያለው ፕራይመር ሌላ ከሆነ መፍትሔው በዚያ ፕራይመር የተፈተነ ሌላ ልኬት መፈለግ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ልኬቶች ስለታተሙም አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ባሩዱን ትንሽ ቀንሶ መሞከር የሚሉት ዘዴ ግምት ነው። ግፊት የሚለካው መለኪያ በተገጠመለት የላቦራቶሪ አፈሙዝ እንጂ በቀለሁ መልክ አይደለም፤ የፍጥነት መለኪያ የያዘ ተኳሽም የሚያየው ፍጥነትን ብቻ ነው።

209 ከሾትገን ውጪም ሥራ አግኝቷል። ከአፈሙዝ የሚጎርሱ ዘመናዊ የአደን ጠመንጃዎች ባሩዳቸውን የሚለኩሱት በእሱ ነው። ነገር ግን የሾትገኑ እሳት ለእነሱ ሲበዛ፣ በጥቁር ባሩድ ምትክ የሚጠቀሙበት ባሩድ አፈሙዙ ውስጥ ጠንካራ የዝቃጭ ቀለበት ስለሚተው፣ ፋብሪካዎች ኃይሉ የተቀነሰ ሌላ 209 ለብቻው መሥራት ጀምረዋል።