የኪጋሊው ቢኬ አሬና እና የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ

ቢኬ አሬና በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ፣ ሬሜራ በተባለው ሰፈር ከአማሆሮ ስታዲየም ጎን የሚገኝ፣ 10,000 ያህል ተመልካች የሚይዝ ባለጣሪያ የስፖርት አዳራሽ ነው። ኦገስት 9 ቀን 2019 ተመርቆ ሲከፈት ስሙ ኪጋሊ አሬና ነበር፤ የአሁኑን መጠሪያ ያገኘው በሜይ 2022 የኪጋሊ ባንክ የስያሜውን መብት በ7 ሚሊዮን ዶላር ለስድስት ዓመት ሲገዛ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። አዳራሹ ዕድሜው አጭር ቢሆንም የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ የተወለደበት፣ የወንዶቹም ሆነ የሴቶቹ የአህጉሩ ሻምፒዮና የተካሄደበት በመሆኑ፣ ስለ ዘመናዊው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ የሚጽፍ ሰው ሊያልፈው አይችልም። በአማርኛ ግን ከውድድር ሰሞን ዜና ባለፈ እምብዛም አልተጻፈለትም።

አዳራሹ የቆመበት አካባቢ ከስፖርት ውጭም ከባድ ታሪክ አለው። በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ ወቅት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማትረፍ በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ጥበቃ ሥር ወደነበረው አማሆሮ ስታዲየም ገብተው ተጠልለዋል። የአገሪቱ የቅርጫት ኳስ ቤተሰብም ብዙ ተጫዋቾቹንና አሠልጣኞቹን በዚያ ዘመን አጥቷል፤ ፌዴሬሽኑ የጊሴምቤ መታሰቢያ የተባለውን ውድድር የሚያካሂደው እነዚህን ሰዎች ለማሰብ ነው። የሩዋንዳ ወንዶች ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ሻምፒዮና የተሳተፈው በ2007 አንጎላ ላይ ሲሆን፣ ኪጋሊም በ2016 ከ18 ዓመት በታች ወንዶችን የአፍሪካ ሻምፒዮና አስተናግዳለች። በእነዚያ ዓመታት ትልልቅ ጨዋታዎች የሚደረጉት እዚያው ሬሜራ በሚገኘው ትንሹ አማሆሮ አዳራሽ ነበር፤ የመቀመጫው ማነስም ከተማዋ ከታዳጊዎች ውድድር አልፋ ዋናውን ሻምፒዮና እንዳትጠይቅ የሚገድባት ነበር።

አዲሱን አዳራሽ የሠራው ሱማ የተባለው የቱርክ ተቋራጭ ነው። ይኸው ድርጅት 15,000 ሰው የሚይዘውን የዳካር አሬና ሠርቶ በ2018 ያስረከበ ሲሆን፣ የኪጋሊንም የስብሰባ ማዕከል ግንባታ ያጠናቀቀው እሱ ነው። ለግንባታው የወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ 104 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ይጠቀሳል። ሥራው በ2019 መጀመሪያ ላይ ተጀምሮ በዚያው ዓመት ክረምት መጠናቀቁ በእጅጉ የሚያስደንቅ ነው፤ በአህጉራችን የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ዓመታት የሚያልፉት ስንት ስታዲየም እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ አዳራሹን የመረቁት የከተማዋ ሁለቱ ተፎካካሪዎች፣ ፓትሪየትስ እና አርኢጂ፣ በተገናኙበት የሩዋንዳ ሊግ የፍጻሜ ፉክክር ምሽት ነበር።

የጣሪያው ጥቅም ለስፖርቱ ከሚታሰበው በላይ ነው። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን የፊባ ሕግ 28 በ15 ሜትር የሆነ ሜዳና ቢያንስ 7 ሜትር ከፍታ ያለው ከማንኛውም ነገር ነጻ የሆነ ክፍተት ይጠይቃል፤ ለትልልቅ ውድድሮች ደግሞ ወለሉ የእንጨት መሆን አለበት። እንጨት እርጥበት አይችልም፤ የኪጋሊ ረጅሙ የዝናብ ወቅት ደግሞ ከማርች እስከ ሜይ ያለው፣ ኋላ ላይ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ዋና ጨዋታዎች የተመደቡበት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ በትምህርት ቤት ግቢ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ኳስ ያነጠረ ሰው የዚህን ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም፦ ካፊያ ሲጀምር ኳሱ ይከብዳል፣ ጫማ ያንሸራትታል፣ ጨዋታው ይቋረጣል። ኢትዮጵያና ሩዋንዳ በፊባ አፍሪካ አደረጃጀት ሁለቱም በዞን 5 ሥር ያሉ በመሆናቸው፣ ይህ አዳራሽ ለእኛም የጎረቤት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በአጭሩ ባል፣ በሰሜን አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ እና በፊባ ትብብር እንደሚቋቋም ይፋ የሆነው በፌብሩዋሪ 2019 በቻርለት ከተማ፣ በኤንቢኤ የከዋክብት ጨዋታ ሰሞን ነው። ኤንቢኤ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ በሊግ ሥራ ሲሳተፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። በመጀመሪያው ዕቅድ 12ቱ ክለቦች በስድስት ከተሞች እየተዘዋወሩ ተጫውተው ለኪጋሊ የሚደርሳት የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ፉክክር ብቻ ነበር። ውድድሩ በማርች 2020 ዳካር ላይ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተላለፈ። ከአንድ ዓመት በላይ ከተጠበቀ በኋላ አዘጋጆቹ ሁሉንም ቡድኖች በአንድ ከተማ፣ ከውጭ ሰው በተለየ ማረፊያና በተደጋጋሚ ምርመራ ለማጫወት ሲወስኑ፣ ለዚህ የተመረጠችው ኪጋሊ ሆነች። ለአራት ቡድኖች የታሰበው አዳራሽ 26ቱንም ጨዋታዎች ተረከበ።

ሜይ 16 ቀን 2021 በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ ፓትሪየትስ የናይጄሪያውን ሪቨርስ ሁፐርስ 83 ለ 60 አሸነፈ። የዓለም መገናኛ ብዙኃን ትኩረት ግን በውጤቱ ላይ አልነበረም፤ ለፓትሪየትስ የተሰለፈው አሜሪካዊው ራፐር ጄ. ኮል ላይ ነበር። በዚያ ምሽት ያስመዘገበው 3 ነጥብ፣ 3 ሪባውንድና 2 አሲስት ሲሆን ከጥቂት ጨዋታዎች በኋላ ቡድኑን ተሰናብቷል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ዝና ለሊጉ ተመልካች ቢያመጣለትም፣ በዚያው ወለል ላይ የታየውን ከፍተኛ ደረጃ ያለው ጨዋታ ለጊዜው ጋርዶታል። የካይሮው ዛማሌክ በስፔናዊው አሠልጣኝ አጉስቲ ሁልቤ እየተመራ ስድስቱንም ጨዋታዎች አሸንፎ፣ ሜይ 30 በተደረገው ፍጻሜ የቱኒዚያውን ዩኤስ ሞናስቲር 76 ለ 63 ረትቶ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። የውድድሩ ኮከብ የዛማሌኩ ዋልተር ሆጅ ሆነ። ፓትሪየትስ በደረጃው ጨዋታ በአንጎላው ፔትሮ ዴ ሉዋንዳ ተሸንፎ አራተኛ ወጣ፤ ለአዲስ አስተናጋጅ ክለብ ይህ የሚያኮራ ውጤት ነበር።

ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኦገስት 24 ቀን፣ 16 አገሮች የተሳተፉበት የ2021 የወንዶች የአፍሪካ ሻምፒዮና በዚያው አዳራሽ ተጀመረ። ኡጋንዳ ናይጄሪያን ከውድድር ውጭ ማድረጓ የሻምፒዮናው ትልቁ አስገራሚ ውጤት ሆነ። ናይጄሪያ በዚያው ክረምት በወዳጅነት ጨዋታ የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን 90 ለ 87 ያሸነፈች አገር ናት፤ ወደ ኪጋሊ የላከችው ቡድን ግን በአብዛኛው ሌላ ነበር። ሴፕቴምበር 5 በተደረገው ፍጻሜ ቱኒዚያ አይቮሪኮስትን 78 ለ 75 አሸንፋ ሦስተኛ ዋንጫዋን ስታነሳ፣ ማክራም ቤን ሮምዳን የውድድሩ ኮከብ ተባለ።

ከዋንጫው ይልቅ በታሪክ የሚከብደው ግን ደቡብ ሱዳን ለመጀመሪያ ጊዜ በሻምፒዮናው መታየቷ ነው። በአገሯ ለዚህ ደረጃ የሚበቃ የቤት ውስጥ ሜዳ ያልነበራት ይህች አገር ሩብ ፍጻሜ ደርሳ ተመለሰች። በሁለት ዓመት ውስጥ ለዓለም ዋንጫ፣ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ለፓሪስ ኦሊምፒክ በቃች፤ በጁላይ 2024 ለንደን ላይም የአሜሪካን ቡድን አስጨንቃ 101 ለ 100 ተሸነፈች።

ኢትዮጵያ በዚህ አዳራሽ በተካሄዱት የአፍሪካ ሻምፒዮናዎች አልተሳተፈችም። ነገር ግን በ1962 ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከተወዳደሩት አምስት አገሮች አንዷ እንደነበረች መዘንጋት የለበትም፤ ዓመቱ ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ ያነሳበት ዓመት ነው። ከቢኬ አሬና ጋር የሚያስተሳስረን ሌላ ስም ደግሞ ኑኒ ኦሞት ነው። ከኢትዮጵያ ተሰድደው ኬንያ ከገቡ ወላጆች የተወለደው ይህ ተጫዋች አሜሪካ አድጎ፣ በሜይ 2023 የግብፁ አል አህሊ በፍጻሜው የሴኔጋሉን ኤኤስ ዱዋን 80 ለ 65 ሲያሸንፍ የዓመቱ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ ተሸልሟል፤ በኋላም የደቡብ ሱዳንን ማልያ ለብሶ ዓለም ዋንጫና ኦሊምፒክ ላይ ተሰልፏል። አል አህሊን የመራውም ያው ሁልቤ ነው።

ሊጉ ከ2022 እስከ 2024 የምድብ ጨዋታዎቹን በዳካርና በካይሮ፣ በ2024 ደግሞ በፕሪቶሪያም ጭምር እያካሄደ፣ የጥሎ ማለፉንና የፍጻሜውን ውድድር ለኪጋሊ አቆይቷል። በ2022 ሞናስቲር፣ በ2024 ፔትሮ ዴ ሉዋንዳ ዋንጫውን ወስደዋል፤ የፔትሮ ድል ከሰሜን አፍሪካ ውጭ ላለ ክለብ የመጀመሪያው ነው።

በ2023 ክረምት የተካሄደው የሴቶች የአፍሪካ ሻምፒዮና ለአስተናጋጇ አገር ከሁሉ የላቀ ትዝታ ጥሏል። የሩዋንዳ ሴቶች ኡጋንዳን በሩብ ፍጻሜ አሸንፈው ለግማሽ ፍጻሜ በመድረሳቸው አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ በመጨረሻም አራተኛ ሆነው ጨረሱ። ናይጄሪያ ሴኔጋልን 84 ለ 74 አሸንፋ ለተከታታይ አራተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ስትሆን፣ አሠልጣኟ ሬና ዋካማ ይህን ዋንጫ በአሠልጣኝነት ያነሳች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

አዳራሹ መረብ ኳስም፣ የሙዚቃ ዝግጅትም፣ የ2023ቱን የፊፋ ጉባኤም አስተናግዷል። በሴፕቴምበር 2021 በተካሄደው የሴቶች መረብ ኳስ ሻምፒዮና የሩዋንዳ ቡድን በብራዚል ተወላጅ ተጫዋቾች ተገቢነት ምክንያት ከውድድሩ ታግዷል።

ሩዋንዳ በስፖርት ላይ የምታፈስሰው ገንዘብ ከሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ትችት እንደሚቀርብበትም መጥቀስ ይገባል፤ የአገሪቱ ባለሥልጣናት በበኩላቸው ቱሪዝምንና የወጣቶችን ዕድል የሚያሰፋ ኢንቨስትመንት ነው ይላሉ። ጭቅጭቁ ሜዳ ላይ በግልጽ የታየው በማርች 2024 ሲሆን፣ የቡሩንዲው ዳይናሞ ሩዋንዳን የሚያስተዋውቀውን የማልያ ጽሑፍ አንለብስም በማለቱ ፕሪቶሪያ ላይ ከሊጉ ወጥቷል።

በ2025 የሊጉ ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኪጋሊ ወጥቶ ፕሪቶሪያ ላይ ሲካሄድ፣ ቢኬ አሬና የሩዋንዳው ኤፒአር፣ የኬንያው ናይሮቢ ሲቲ ተንደር፣ የሊቢያው አል አህሊ ትሪፖሊና የደቡብ አፍሪካው ኤምቢቢ የተገናኙበትን የናይል ምድብ አስተናግዷል። ዋንጫውን በኋላ ያነሳው ከዚህ ምድብ የወጣው አል አህሊ ትሪፖሊ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ፣ የኤንቢኤው ክለብ የቶሮንቶ ራፕተርስ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ማሳይ ኡጂሪ ያስገነባው ዛሪያ ኮርት የተባለ የስፖርትና የመዝናኛ ማዕከል ሜዳዎቹን ይዞ ከአዳራሹ አጠገብ ተከፍቷል።