ጀሞ ላይ ስለ ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን የሚወራውና እውነቱ

እኛ ሰፈር፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ኤርትራውያን ላይ ነው። ቡና ላይም ታክሲ ውስጥም ጆሮዬን ያሰለቹኝን ጥቂቶቹን ላንሳ።

«እንጀራ ፍለጋ ነው የመጡት፤ ማን አሳደዳቸው?»
ከሁሉም በላይ የሚወራው ይሄ ነው። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የኤርትራ አዋጅ የግዴታውን ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር ይለዋል፤ 6 ወር ሥልጠና፣ 12 ወር ሥራ። ግንቦት 1990 ከእኛ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን 18 ወር የሚለው ወረቀት ላይ ቀረ። ጦርነቱ ቆመ፣ አገልግሎቱ ቀጠለ። 12ኛ ክፍልን ሳዋ የሚባለው ወታደራዊ ማሠልጠኛ ገብቶ የሚጨርስ ልጅ መቼ እንደሚሰናበት የሚነግረው የለም። ልውጣ ቢል ፓስፖርት ብቻ አይበቃውም፤ የመውጫ ቪዛም ይጠየቃል፤ እሱ ደግሞ በአገልግሎት ዕድሜ ላለ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። አቤት የሚልበት ጋዜጣም የለ፤ የግል ጋዜጦቹ መስከረም 1994 ተዘግተዋል። ያኔ የታሰረው ጋዜጠኛ ዳዊት ይስሃቅ እስካሁን ፍርድ ቤት አልቀረበም። ግንቦት 1989 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሥራ ላይ አልዋለም።
ድህነትስ የለም ወይ? አለ። ግን ጉልምስናውን በኪስ ገንዘብ የሚያገለግል ሰው ከምኑ ይክበር?

«ሰላም ወርዶ የለ እንዴ፣ ለምን አይመለሱም?»
መስከረም 1 ቀን 2011፣ በእንቁጣጣሹ፣ ዛላምበሳና ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ቴሌቪዥን ፊት ካለቀሱት አንዱ ነኝ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን በዚያው ተሻግረው እዚሁ ቀሩ፤ ድንበሩም በወራት ውስጥ መልሶ ተዘጋ። ሁለት መንግሥታት ሲታረቁ ሳዋ አልተዘጋም።

«ተመድ በየወሩ ይከፍላቸዋል»
ራሽኑ ካምፕ ለሚኖረው ነው። በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው ከካምፕ ውጭ የመኖር ፈቃድ የታሰበው ወጪውን ራሱ ወይም ዘመዱ ለሚችልለት ስደተኛ ነው። ብሩ ከእህት ከወንድም ነው የሚመጣው። ያንን ያየ አከራይ ዋጋ ሲሰቅል ጥፋቱ የተከራዩ አይመስለኝም። (እኔም አከራይ ነኝ፤ ጨዋታውን አውቀዋለሁ።)

«አንዴ አውሮፓ ወይ ካናዳ ከገባ ተገላገለ»
ውጭ የሚኖር ኤርትራዊ ከገቢው 2 በመቶ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ ካልከፈለ ከኤምባሲው ሰነድ ማግኘት ይቸግረዋል። ሳይፈቀድለት የወጣ ደግሞ አጥፍቻለሁ የሚል የጸጸት ቅጽ ፈርም ይባላል።

ከእኛ በታች ያለው ጎረቤቴ አስመራ ካሉት እናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ፣ ትግርኛ ትንሽ ስለምሰማ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ብቻ ነው። ሌላ ነገር አይነሳም። ካናዳ ገብቶ ዜግነት የወሰደው ወንድሙ አምና ለጥየቃ መጥቶ ነበር። እሱም እናቱ ጋ ሲደውል ዝናቡን ነው የሚጠይቀው።